ኮንታክት ፈጥሮ አልነሣ ያለ መኪና፤ ችግሩን በቅደም ተከተል ስለ መፈለግ

በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንድ የማኅበሩ አባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የተሰጠ ንግግር



የማኅበራችን ኮሚቴ ስለ መኪና ኤሌክትሪክ አንድ ነገር እንድናገር ሲጠይቀኝ በደስታ የተቀበልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እንደምታውቁት በእኛ ሠፈር መኪና ለሽርሽር ብቻ የሚያዝ ዕቃ አይደለም። የአንዱ ታክሲ ነው፤ የሌላው የሱቅ ዕቃ ማመላለሻ ነው፤ የሌላው ደግሞ በሌሊት ምጥ የያዛት እናት ሐኪም ቤት የምትደርስበት ነው። አንድ ሚኒባስ ሦስት ቀን ቢቆም የባለቤቱ፣ የሹፌሩና የረዳቱ ቤት ሦስቱም ይጎድላል። በዚያ ላይ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ያለንን መኪና በጥንቃቄ መያዝ እንዳለብን ሁላችንም የተረዳነው ይመስለኛል።

የዛሬው ርዕሴ አንድ ነው። ይኸውም መኪና ውስጥ በተለምዶ ኮንታክት የምንለው ነገር ተፈጥሮ፣ ጭስ ሸትቶ ወይም ፊውዝ ተቃጥሎ፣ ከዚያ በኋላ መኪናው አልነሣ ሲል ምን ማድረግ አለብን? የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገውን ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያ ባትሪ ይገዛል። አልነሣም ሲል ሞተሪኖ ይፈታል። ያም አልሆን ሲል ቦቢና ይለወጣል። ይኼ ሁሉ ገንዘብ ከፈሰሰ በኋላ የሚገኘው ጥፋት ግን አንዲት የተላጠች ሽቦ ትሆናለች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይኸው አይደለም እንዴ?

እንግዲህ እኔ የምለው አጭር ነው። ዕቃ ከመለወጣችን በፊት ኤሌክትሪኩ የሚሄድበትን መንገድ ከባትሪው ጀምረን ደረጃ በደረጃ እንከተል፤ ኮንታክቱ የተፈጠረበትን ቦታ ሳናገኝ ደግሞ አዲስ ፊውዝ አስገብተን መኪናውን ለማስነሣት አንሞክር። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ኮንታክት ማለት ምንድን ነው?

ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ይነሣል፤ በሽቦ ይሄዳል፤ አምፖሉን ወይም ሞተሪኖውን ያሠራል፤ ከዚያም በመኪናው ብረት አድርጎ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይመለሳል። ወደ ብዙዎቹ ዕቃዎች አንድ ሽቦ ብቻ ሲሄድ የምታዩት ለዚህ ነው፤ መመለሻው የመኪናው አካል ራሱ ነው። አምፖሉ በመንገዱ ላይ እንዳለ ጠባብ በር ነው፤ የሚያልፈውን ይመጥነዋል። አንድ 55 ዋት የፊት መብራት በ12 ቮልት ላይ የሚስበው 5 አምፒር እንኳ አይሞላም።

ታዲያ የሽቦው ላስቲክ ተልጦ መዳቡ ብረቱን ቢነካስ? ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ በኩል ማለፉን ትቶ በአቋራጭ ይመለሳል። የሚመጥነው ነገር ስለሌለ ከባትሪው በመቶ የሚቆጠር አምፒር ባንድ ጊዜ ሊጎርፍ ይችላል። ሽቦው እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ይግላል፤ ላስቲኩ ይቀልጣል፤ አጠገቡ ታስረው የሚሄዱትንም ሽቦዎች ያቀልጣል። ስለዚህ አንድ ኮንታክት ብዙ ጊዜ አንድ ሆኖ አይቀርም። መኪናው አልነሣ የሚለውም አንዳንዴ በመጀመሪያው ሽቦ ምክንያት ሳይሆን አብሮ በተጎዳው በጎረቤቱ ነው።

ፊውዝ የተፈጠረው ይህን ለመከላከል ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ የፊውዝ ዋና ሥራ ራዲዮኑን ወይም አምፖሉን መጠበቅ አይደለም፤ ሽቦውን መጠበቅ ነው። 15 አምፒር በተጻፈበት ቦታ 30 ብናስገባ፣ ወይም እንደሚደረገው በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ብንጠቀልለው፣ ከዚያ በኋላ ፊውዝ የሚሆነው ሽቦው ራሱ ነው። እሱ ደግሞ የሚቃጠለው በፊውዝ ሣጥን ውስጥ ሳይሆን ምንጣፍ ሥር፣ ወንበር ሥር፣ ወይም ከነዳጅ ቱቦ ጎን ነው።

የፊውዝ ቀለም ነገርም አለ። በአሁኖቹ መኪናዎች ባለ ሁለት እግር ፊውዞች ላይ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ ነጩ 25፣ አረንጓዴው 30 አምፒር ነው። በቮልስ ውስጥ ያለው ጥይት የሚመስለው ፊውዝ ግን ነጩ 8፣ ቀዩ 16 ነው። ያው ነጭ በአንዱ 25፣ በሌላው 8 ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ቀለም አይታችሁ ሳይሆን ቁጥሩን አንብባችሁ አስገቡ።

እጃችንን ከማስገባታችን በፊት

ጭስ ከታየ በመጀመሪያ ሰው ይውረድ። ቁልፉ ይጥፋ። ከዚያ ከተቻለ የባትሪው ኔጋቲቭ ማሰሪያ ይፈታ። ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፤ ሲታሰር ኔጋቲቩ መጨረሻ ነው። ለምን ቢባል ፖዘቲቩን ስትፈቱ መፍቻው የመኪናውን ብረት ቢነካ ያ ራሱ አዲስ ኮንታክት ነው፤ ኔጋቲቩ አስቀድሞ ከተፈታ ግን ቢነካም ምንም አይሆንም። ቀለበትና የብረት ሰዓት አውልቁ፤ በባትሪ ላይ የጋለ ቀለበት ጣት ድረስ ያቃጥላል።

ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ እንደሚያወጣም አትርሱ። ማታ ክብሪት ጭሮ ወይም ሻማ ይዞ ባትሪ ማየት ክልክል ነው። አሲዱ እጅ ወይም ዓይን ቢነካ በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ ለዓይን ከሆነ ደግሞ ከታጠበ በኋላ ወደ ሐኪም ነው። እሳት ከተነሣ የዱቄት ማጥፊያ ወይም ደረቅ አሸዋ ነው፤ ቤንዚን በፈሰሰበት ላይ ውኃ መድፋት እሳቱን ይዞት እንዲሄድ ማድረግ ነው። ኮፈኑንም ባንድ ጊዜ ወለል አድርጎ መክፈት አየር መስጠት ስለሆነ እሳቱን ያባብሰዋል።

ባትሪው እንደተፈታ በዓይናችሁና በአፍንጫችሁ ፈልጉ። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ የት ይበረታል? የጠቆረ፣ ያበጠ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ ሽቦ አለ? መስታወት ፊውዝ ከሆነ እሱም ይናገራል። መስታወቱ ውስጡ ጠቁሮ ብረቱ ተረጭቶ ከሆነ ባንድ ጊዜ የመጣ ኮንታክት ነው። መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ ክሩ መሀሉ ላይ ብቻ ቀልጦ ከሆነ ግን ቀስ በቀስ ከአቅም በላይ የተጫነ ነው።

አምስቱ ድምፆች

ለዓይን የሚታየው ሁሉ ደህና ከሆነና የቀለጠ ሽቦ ከሌለ ባትሪውን መልሳችሁ እሰሩ። ኔጋቲቩን ለመጨረሻ ጊዜ ከማጥበቃችሁ በፊት ቁልፉም መብራቱም ጠፍቶ በሮቹ ተዘግተው ማሰሪያውን ነካ አድርጉት። ትልቅ ብልጭታ ከሰጠ ኮንታክቱ አሁንም አለ ማለት ነው፤ አትሰሩት፤ ወደ ኋላ ወደምናገረው ፍለጋ እለፉ። ብልጭታ ከሌለ ወይም እምብዛም ካልታየ እሰሩና የፊት መብራት አብርታችሁ ቁልፉን አዙሩ። ጆሯችሁን ስጡ፤ ማርሹ ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ይሁን።

አንደኛ፤ መብራትም ድምፅም ምንም ከሌለ ጥፋቱ ከባትሪው እስከ ዋናው መስመር ባለው ቦታ ነው። ባትሪው ባዶ ሆኗል፣ ማሰሪያው ላልቷል፣ ዋናው ትልቅ ፊውዝ ተቃጥሏል፣ ወይም ከባትሪው ወደ ብረቱ የሚሄደው የኔጋቲቭ ገመድ ተለያይቷል።

ሁለተኛ፤ መብራቱ ደማቅ ሆኖ ሞተሪኖው ጭራሽ ዝም ካለ ባትሪውን አትክሰሱት። ትእዛዙ ሞተሪኖው ዘንድ አልደረሰም። የቁልፉ ቤት፣ የሞተሪኖው ሪሌ፣ ወይም ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ቀጭኑ ሽቦ ይታይ። አውቶማቲክ ማርሽ ከሆነ ደግሞ ማርሹ በማቆሚያው ወይም በዜሮው ላይ በደንብ መቀመጡን አረጋግጡ።

ሦስተኛ፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ቶሎ ቶሎ የሚመታና መብራቱ አብሮ የሚፈዝ ከሆነ ባትሪው ደክሟል፤ ወይም ማሰሪያው ዝጓል። ኮንታክቱ ባትሪውን አራግፎት ይሆናል።

አራተኛ፤ አንድ ጊዜ ቋ ብሎ ከቆመና መብራቱ በጣም ከወረደ ሞተሪኖው ራሱ ተይዟል፤ ወይም ሞተሩ አልዞር ብሏል። ቋ ብሎ መብራቱ እንደነበረ ደማቅ ከቀረ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሪኖው ሆድ አልገባም። የሞተሪኖው ሶሌኖይድና ከሞተሩ ወደ ብረቱ የሚሄደው ገመድ ይመርመር።

አምስተኛ፤ ሞተሩ እንደ ወትሮው በኃይል እየዞረ ግን ካልተነሣ ባትሪውም ሞተሪኖውም ነጻ ናቸው። እነሱን መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው። የጎደለው እሳት ወይም ነዳጅ ነው።

ይህች የአንድ ደቂቃ ማዳመጥ ከፍለጋው ግማሹን ትጨርሳለች።

በመብራትና በቴስተር መከተል

የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም። ባለ 12 ቮልት 5 ዋት ትንሽ አምፖል ሁለት ሽቦ ተበይዶባት መፈተሻ መብራት ትሆናለች። አንዱን ጫፍ ከንጹሕ ብረት ጋር አስራችሁ በሌላው ጫፍ ስትነኩ ከበራ እዚያ ድረስ ኤሌክትሪክ ደርሷል ማለት ነው። ቴስተር ያለው ደግሞ ቁጥሩን ያነባል።

አንድ ደህና ባትሪ መኪናው ለጥቂት ሰዓት ቆሞ ሳለ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ከሆነ በግማሽ ወርዷል። ከ12 በታች ከሆነ ሌላውን ከመመርመራችሁ በፊት ቻርጅ ይደረግ፤ በባዶ ባትሪ ላይ የሚደረግ ምርመራ ሁሉ ይዋሻል። ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ከ10 ቮልት ብዙም መውረድ የለበትም።

ከባትሪው ቀጥሎ ሞተሪኖው ላይ ያለው ወፍራም ገመድ ይነካ። እዚህ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ገመድ ሳይበጠስም ሊታመም ይችላል፤ ሲነካ መብራት ያበራል፣ ሞተሪኖ ግን ማዞር ያቅተዋል። ይህንን የሚያሳየው ቴስተር ነው። አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን በሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ላይ አድርጋችሁ ሌላ ሰው ቁልፍ ያዙር። ንባቡ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ኤሌክትሪኩን እየበላው ነው። በኔጋቲቭ በኩልም እንዲሁ፤ ከባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ እስከ ሞተሩ አካል።

ፊውዝም ስትፈትሹ ነቅላችሁ በዓይን ብቻ አትዩ። በቦታው እንዳለ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ሁለቱንም ጫፍ በመብራቱ ንኩ። ሁለቱም ካበሩ ደህና ነው። አንዱ ብቻ ካበራ ፊውዙ ተቃጥሏል። ሁለቱም ካላበሩ ጥፋቱ ከፊውዙ በፊት ነው።

የተደበቀውን ኮንታክት ማግኘት

አዲስ ፊውዝ ባስገባችሁ ቁጥር የሚቃጠል ከሆነ አሥር ፊውዝ ማቃጠል ምርመራ አይደለም። ዘዴው ይኼ ነው። ፊውዙን አውጡና በእሱ ምትክ ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል በሁለት ሽቦ አገናኙ። አምፖሉ ከ2 አምፒር ብዙም ስለማያሳልፍ ሽቦው አይቃጠልም። ኮንታክቱ ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል። አሁን በዚያ ፊውዝ የሚሠሩትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ራዲዮኑን፣ ክላክሱን፣ የፍሬቻውን፣ ሌላውንም። አንዱን ስትነቅሉ አምፖሉ ከጠፋ ጥፋቱ እዚያ ዕቃ ውስጥ ነው። ሁሉም ተነቅለው አምፖሉ አሁንም እንደደመቀ ከሆነ ጥፋቱ ሽቦው ላይ ነው። ያን ጊዜ የሽቦውን ጥቅል ከጫፍ ጀምራችሁ በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ አወዛውዙ፤ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ያለበት ቦታ ላይ ቁሙ። አገኛችሁት ማለት ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙትም ከእነዚህ በአንዱ ቦታ ነው። ሽቦ ብረት አቋርጦ የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ የጎማ መከለያው የወደቀበት፤ የወንበር ሐዲድ ሽቦ የረገጠበት፤ የበር ማጠፊያ ዘንድ ሲታጠፍ ሲዘረጋ የተበጠሰበት፤ አይጥ የበላው፤ ወይም በኋላ የተጨመረ ራዲዮን፣ አላርምና ጭጋግ መብራት ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪ የተጎተተበት። የተላጠውን ሽቦ ቆርጣችሁ በአዲስ ቀጥሉ፤ መጠኑ ከነባሩ አይነስ፤ በብየዳ ወይም በጥሩ ማያያዣ ይታሰር። በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ከሞተር ሙቀት አጠገብ ብዙ አይቆይም።

አንድ ምሳሌ በቮልስ ላይ

ቮልስ የምንላት ቮልስዋገን በመንገዳችን እስከ ዛሬ ትታያለች። የመጨረሻዋ በሜክሲኮ ከፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው፤ በመላው ዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ለዛሬው ትምህርት የምትመች ሆና ያገኘኋት ባትሪዋ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ስለሆነ ነው። የወንበሩ ሞላ ብረት ነው። የባትሪው ክዳን ከጠፋ፣ ከኋላ ከበድ ያለ ሰው ተቀምጦ መኪናዋ ጉድጓድ ስትገባ፣ ሞላው የባትሪውን ፖዘቲቭ ሊነካ ይችላል። በመካከሉ ፊውዝ የለም። የወንበሩ መሙያ ደግሞ በቀላሉ ይያዛል። በዚህ ዓይነት የተቃጠለች ቮልስ ጥቂት አይደለችም።

እንበልና ጭስ ሸተተ፣ ተሳፋሪው ወረደ፣ ወንበሩ ተነሥቶ ኔጋቲቩ ተፈታ፤ እሳትም አልተነሣም። ተመስገን ነው። በነጋታው ግን አልነሣም አለች። በየት እንጀምር?

ከባትሪው። ምሰሶው ቀልጧል? ገመዱ ተላጧል? ቮልቱ ስንት ነው? ቀጥሎ ማርሹን ከአካሉ ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ የኔጋቲቭ ገመድ ይታይ። የቮልስ ሞተርና ማርሽ በጎማ ላይ ስለተቀመጡ መመለሻቸው በዚህ ገመድ ነው። እሱ ከተበጠሰ ኤሌክትሪኩ መንገድ ፍለጋ በነዳጅ መስጫውና በፍሪሲዮኑ ገመድ ያልፋል፤ እነሱ ሲግሉ ካያችሁ ምክንያቱ ይኼ ነው።

ከዚያ ወደ ሞተሪኖው። ኤሌክትሪኩ ከኋላ ተነሥቶ ፊት ወዳለው ቁልፍ ይሄዳል፤ ቁልፉ ሲዞር በሌላ ሽቦ እንደገና ወደ ኋላ ተመልሶ ሞተሪኖውን ያዛል። ረጅም መንገድ ነው። በዕቃዎቹ ላይ ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ 30 በቀጥታ ከባትሪ የመጣ፣ 15 ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ የሚያገኝ፣ 50 ለሞተሪኖው ትእዛዝ የሚሰጥ፣ 31 መመለሻው ነው። ቁልፍ ሲዞር 50 ላይ መብራታችሁ ካልበራ ሞተሪኖውን አታስፈቱ፤ ጥፋቱ ከኋላው ነው።

ሞተሪኖው እየዞረ አልነሣ ካለች ወደ ቦቢናው። በቮልስ ወደ ቦቢናው የሚሄደው ሽቦ በፊውዝ አይጠበቅም፤ በላዳም እንዲሁ የማስነሻውና የቻርጁ መስመር ፊውዝ የለውም። ስለዚህ ፊውዞቹ ሁሉ ደህና ናቸው ማለት መስመሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ቁልፉን ከፍታችሁ የቦቢናውን 15 ንኩ፤ መብራት አለበት። ካልበራ ከቁልፉ እስከ ቦቢናው ያለው ሽቦ ነው። ከበራ ቁጥር 1 ላይ አድርጋችሁ ሞተሩን አዙሩት። ብልጭ ድርግም ካለ ፑንቲናው እየሠራ ነው። ሳያቋርጥ ከበራ ፑንቲናው አይገናኝም፤ ቆሽሿል ወይም ተቃጥሏል። ጭራሽ ካልበራ ፑንቲናው አይከፈትም፣ ወይም ኮንደንሰሩ ውስጡ ኮንታክት ሆኗል፣ ወይም ቦቢናው ተበጥሷል። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩ ሳይነሣ ለረጅም ጊዜ አትተዉት፤ ቦቢናውን ያሞቀዋል።

አያችሁ? እዚህ ድረስ አንድ ዕቃ አልገዛንም። የሚያስፈልገው አንድ ሽቦ ወይም አንድ ፑንቲና እንደሆነ ግን አውቀናል። ከሁሉ በፊት ግን የባትሪው ክዳን ይመለስ። ክዳኑ ከሌለ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ቆርጣችሁ ፖዘቲቩን ሸፍኑት፤ በመያዣ ይታሰር እንጂ ዝም ብሎ የተጣለ አይሁን።

ስለ ናፍታ ሚኒባስና ስለ አዳዲሶቹ

ናፍታ መኪና ካንዴላ የሚያቀጣጥለው ሞተር አይደለም፤ ካንዴላው ለማሞቂያ ብቻ ነው። ሆኖም በብዙ አሮጌ የናፍታ ሚኒባሶች የነዳጅ ፓምፑ ላይ አንዲት ሽቦ የገባባት ነዳጅ መዝጊያ አለች። ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ አግኝታ ጠቅ ትላለች፣ ነዳጁንም ትለቃለች። በኮንታክት ምክንያት የእሷ ፊውዝ ከተቃጠለ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢዞር አይነሣም። ፓምፑ ተበላሸ ተብሎ ከመውረዱ በፊት እዚያች ሽቦ ላይ መብራት ማስነካት ይገባል።

ኮምፒዩተር ያላቸውን አዳዲስ መኪናዎች በተመለከተ፣ በኮምፒዩተሩ ሽቦዎች ላይ መፈተሻ መብራት አትጠቀሙ፤ ቴስተር ብቻ ይሁን። ቁልፍ ስትከፍቱ የሞተሩ ምልክት መብራት መብራት አለበት። ካልበራ ኮምፒዩተሩ ኤሌክትሪክ አላገኘም ማለት ነው፤ ፊውዙና ዋናው ሪሌ ይታይ። እነሱ ደህና ከሆኑ አንድ ሌላ ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ ለሴንሰሮች 5 ቮልት ይሰጣል፤ የአንዱ ሴንሰር ሽቦ ከብረት ጋር ከተገናኘ ብዙውን ጊዜ ያንን 5 ቮልት ይጥለዋል፣ ሞተሩም ይዘጋል። ቁልፉን እያጠፋችሁ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ነቅላችሁ እንደገና ክፈቱ። አንዱን ስትነቅሉ የምልክት መብራቱ ከተመለሰ ጥፋቱ ያ ነው። ስንት ደህና ኮምፒዩተር ተቃጥሏል ተብሎ ተጥሏል መሰላችሁ!

ከጎረቤት ባትሪ ስትበደሩም ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩ ደግሞ ከባትሪው ራቅ ብሎ ከሞተሩ ብረት ጋር ይታሰር። ተገልብጦ ከታሰረ ዋናው ትልቅ ፊውዝና የዲናሞው ዳዮዶች ሊቃጠሉ ይችላሉ። ሞተር እየሠራ ባትሪ መፍታትም ዲናሞውንና ኮምፒዩተሩን ይጎዳል። መኪናው ከተነሣ በኋላ በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ ካያችሁ ዲናሞው ደህና ነው።

በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄዱት ወይም ሃይብሪዶቹ ግን ከዚህ ንግግር ውጪ ናቸው። በእነሱ ውስጥ ያለው ብርቱካናማ ገመድ በመቶ የሚቆጠር ቮልት ይሸከማል፤ ሰው ይገድላል። ለሠለጠነበት ባለሙያ ይተው።

ለጋራዡ ምን እንበል?

ራሳችሁ መሥራት ባትፈልጉም ይህን ማወቅ ይጠቅማችኋል። ጋራዥ ገብታችሁ አልነሣ አለኝ ብቻ አትበሉ። የት ጭስ እንደሸተተ፣ የትኛው ፊውዝ እንደተቃጠለ፣ በዚያ ሰሞን ምን ዕቃ እንደተጨመረ፣ ሞተር ታጥቦ ወይም ዝናብ መትቶት እንደሆነ፣ ቁልፍ ሲዞር ምን ድምፅ እንደሰማችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። የተለወጠው አሮጌ ዕቃ እንዲመለስላችሁ ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ኮንታክቱ የት ነበር? ብላችሁ ጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ ቦታውን በጣቱ የሚያሳይ ሠራተኛ ሥራውን ሠርቷል። አሁንማ ይነሣል፣ ምን ቸገራችሁ የሚል ግን ጥፋቱን እዚያው ትቶት ሊሆን ይችላል፤ ክፍያውን ከመፈጸማችሁ በፊት አብራችሁት ፈልጉ።

በመጨረሻም እንደ ሠፈር አንድ ሐሳብ አለኝ። መኪናዎቻችን የሚያድሩት አጥር ለአጥር ተጠግተው ነው። የአንዱ መኪና ሌሊት ቢያያዝ የእሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ቆርቆሮው፣ እንጨቱ፣ የሚተኙት ልጆች አሉ። ስለዚህ በሽቦ የተጠቀለለ ፊውዝ የግል ጉዳይ አይደለም፤ የጎረቤትም ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ባለ መኪና ዛሬ ማታ ቤቱ ሲገባ የፊውዝ ሣጥኑን ከፍቶ ቁጥሩን ያስተያይ፤ የባትሪውን ክዳን ይይ። ማኅበራችንም ከመዋጮው አንድ ቴስተርና አንድ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ገዝቶ በጽሕፈት ቤቱ ቢያስቀምጥ ወጪው ከአንድ ያለ አግባብ ከተለወጠ ሞተሪኖ አይበልጥም ብዬ አምናለሁ። ኮሚቴው ሐሳቡን በአጀንዳ ይዞ ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዲያቀርበው በትሕትና እጠይቃለሁ።

ነገሩ ሁሉ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ጥያቄ ያላችሁ ቀርባችሁ ጠይቁኝ።